ኪንደር ስካውትን በአንድ ቀን ዞሮ መመለስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በማንቸስተር የምንኖር ስምንት የማኅበር አባላት ነን። በኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ ባለ አንድ ቅዳሜ ፒክ ዲስትሪክት በተባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው፣ አናቱ ሰፊ ሜዳ ወደሆነው ኪንደር ስካውት ተራራ ሄደን፣ በአፋፉ ዙሪያ ተጉዘን በዚያው ቀን ለመመለስ አስበናል። ከፍታው 636 ሜትር ብቻ መሆኑን ስናነብ፣ አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች ይህ ተራራ ሊባል አይገባም ብለን ተሳሳቅን። መኪና የለንም። የትኛውን መንገድ እንያዝ? ስንት ሰዓት ይፈጅብናል? እንደ ሰሜን ተራሮች የመግቢያ ክፍያና ስካውት (የታጠቀ አጃቢ ጠባቂ) ያስፈልጋል?

መልስ፦ ስለ ከፍታው ብትስቁ አይፈረድባችሁም፤ እንጦጦ ላይ ሲሮጥ ያደገ ሰው በ636 ሜትር ትንፋሽ አያጥረውም። ኪንደር ሰውን የሚፈትነው ግን በጉም፣ በነፋስና በቀን ማጠር ነው። ቦታው ከምድር ወገብ በ53 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ርቆ ስለሚገኝና ከአትላንቲክ የሚመጣውን እርጥብ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚቀበል፣ ሸለቆው ውስጥ ፀሐይ እያለ አፋፉ ላይ ጥቂት እርምጃ የቀደመውን ጓደኛ የሚሰውር ጉም ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ ዕቅዳችሁን ከፀሐይ መጥለቂያ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ አስሉት። በብሪታንያ የሰዓት መቁጠሪያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለሰው በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። ከዚያ እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ ፀሐይ የምትጠልቀው በአገሩ አቆጣጠር 17፡45 ገደማ ሲሆን፣ በቀጣዩ ቅዳሜ ግን 16፡35 አካባቢ ትጠልቃለች። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ያለማመንታት የመጀመሪያውን ቅዳሜ ያዙ።

የእግር መንገዱ የሚጀምረው ከኢዴል መንደር ነው። ከማንቸስተር ፒካዲሊ ወደ ሼፊልድ ከሚሄዱት ባቡሮች ኢዴል ላይ የሚቆመውን ብትይዙ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሁሉም እዚያ ስለማይቆሙ የመመለሻውን ሰዓት ጭምር ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ። ከመንደሩ በግሪንድስብሩክ ወንዝ ሸለቆ ሽቅብ ወጥታችሁ አፋፉ ላይ ስትደርሱ ወደ ምዕራብ ትታጠፋላችሁ። ክራውደን ታወር የተባለውን ቋጥኝና ነፋስና ውርጭ ልዩ ልዩ መልክ የሰጧቸውን ዉልፓክስ የተባሉ ግዙፍ ድንጋዮች አልፋችሁ፣ ኖ ስቱል ከተባለው ድንጋይ ቀጥሎ ፔናይን ዌይ የተባለውን ረጅም የእግር መንገድ ስታገኙ ወደ ግራ ትዞሩና ጃኮብስ ላደር በተባለው የድንጋይ ደረጃ ወርዳችሁ፣ በአፐር ቡዝ መንደር በኩል ወደ ኢዴል ትመለሳላችሁ። አንዳንዶች ይህን ዙር በተቃራኒው ይሄዱታል፤ እኛ አንመክረውም። የግሪንድስብሩክ ላይኛው ጫፍ በእጅ ጭምር የሚወጣ የድንጋይ ክምር ነውና ሽቅብ ሲወጡት ደስ ይላል፣ በደከመ ጉልበትና በረጠበ ድንጋይ ቁልቁል መውረዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ርቀቱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡም ከ400 ሜትር በላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በአውሮፓውያን 1892 ባወጣው ስሌት ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ሲታሰብ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይመጣል። ይህ ግን ለምሳ የማይቀመጥ፣ ፎቶ የማያነሣ መንገደኛ ሰዓት ነው። ለስምንት ሰው ማኅበር ስድስት ሰዓት መድቡ፤ ከጠዋቱ 10፡00 በአገሩ አቆጣጠር መንገድ ከጀመራችሁ ብርሃን ሳይጠፋ ትገባላችሁ። ኪንደር ዳውንፎል የተባለውን 30 ሜትር ገደማ የሚወርድ ፏፏቴ ልጨምር ያለ ሰው ደርሶ መልስ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጨምርበት፣ እሱን ለሰኔ ረጅም ቀን ቢያቆየው ይሻላል።

አፋፉን ይዛችሁ እስከሄዳችሁ ድረስ በግራችሁ ያለው ሸለቆ ይመራችኋል። ወደ መሀል ሜዳው አቋርጠን እናሳጥር የሚል ሐሳብ ከመካከላችሁ ቢነሣ አትቀበሉት። መሀሉ ፒት የሚባል፣ ለሺዎች ዓመታት የተጠራቀመ በከፊል ብቻ የበሰበሰ ዕፅዋት የሞላበት ጥቁርና ውሃ ያዘለ አፈር ሲሆን፣ ውሃ የቦረቦራቸው ቦዮች እዚህም እዚያም ስለሚከፋፍሉት በጉም ጊዜ አቅጣጫ ያስታል። 636 ሜትር የተባለው ከፍተኛ ቦታም እዚያው መሀል ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ደርሶ የሚታይ ነገር የለውም።

መግቢያ አይከፈልም፤ ስካውትም አያስፈልግም። ይህ መብት በነጻ የተገኘ አይደለም። ቦታው ለባለርስቶች አደን ተከልሎ በነበረበት ጊዜ፣ ሚያዝያ ወር ላይ በአውሮፓውያን 1932 አብዛኞቹ የማንቸስተርና የአካባቢው ወጣት ሠራተኞች የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ክልከላውን ጥሰው ወጡ፤ ከመካከላቸውም አምስቱ በእስራት ተቀጡ። ፒክ ዲስትሪክት በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ እንዲህ ባሉ ክፍት መሬቶች በእግር የመሄድን መብት አጸና። እሳት ማንደድ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ፒት አንዴ ከተያያዘ ከመሬት በታች እየተጓዘ ለቀናት ይነድዳል። ቡናውን በቴርሞስ ያዙት።

ጂንስ ሱሪ ከረጠበ ቶሎ ስለማይደርቅና ሙቀት ስለሚያሳጣ ቤት ይቅር። ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ኮምፓስና የብሪታንያ የካርታ ድርጅት የሆነው ኦርድናንስ ሰርቬይ ያሳተመው ኦኤል 1 ካርታ ያስፈልጋችኋል። ዳቦ ቆሎና በሶ በእንዲህ ያለ ቀን ከማንኛውም ቸኮሌት የሚያንሱ አይደሉም። አደጋ ቢደርስ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ አድን ቡድን ጠይቁ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው።

ጥያቄ፦ ከሼፊልድ ነኝ። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቴንና የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ተመሳሳይ እይታ የማገኝበት ቦታ ይኖራል?

መልስ፦ ከኪንደር ትይዩ ያለው 517 ሜትር ከፍታ ያለው ማም ቶር ይሻላችኋል። መኪና ካለዎት ከማም ኒክ ማቆሚያ ጫፉ ድረስ በድንጋይ የተነጠፈ አጭር መንገድ አለ፤ እናትዎ ደረጃውን እያረፉ ቢወጡት፣ ኪንደርን ከነሙሉ አፋፉ ፊት ለፊት ያዩታል። ልጅዎ ደግሞ ተራራው በመንሸራተቱ ምክንያት በ1979 የተዘጋውን የተሰባበረ የመኪና መንገድ ከሥሩ ቢያይ ይወደዋል፤ ለዚያ ግን በካስልተን በኩል ዞረው ይሂዱ።