«አልበቃሁም» እያልሁ ከቅዱስ ቁርባን ርቄያለሁ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በልጅነቴ እቆርብ ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ግን ተውኩት። አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ፤ ሰው ሲቆርብ ሳይ ግን «እኔ ማን ሆኜ!» እላለሁ። ንስሐ ብገባም መልሼ እወድቃለሁ ብዬ እፈራለሁ። እስክበቃ ልጠብቅ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አትጠብቂ። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» (የተቀደሰው ለቅዱሳን ነው) ሲል ሕዝቡ «እኛ ቅዱሳን ነን» አይልም፤ «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ብሎ ነው የሚመልሰው። ቆራቢውም የመቶ አለቃውን ቃል (ማቴ. 8፥8) ይዞ «ከቤቴ ጣራ በታች ትገባ ዘንድ የሚገባኝ አይደለሁም» እያለ ይጸልያል። መነኩሴውም ሆነ ልጇን ያቀፈችው እናት የሚቀርቡት እንዲህ ብለው ነው። «ሲገባኝ እቆርባለሁ» ላለ ሰው ያ ቀን መቼም አይደርስለትም።

ብዙዎችን የሚያሸሸው «ሳይገባው» የሚለው የ1ኛ ቆሮ. 11፥27 ቃል ነው። ቁጥር 28 ግን «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ» ይላል፤ ፈትኖ ይራቅ አይልም። ሐዋርያው ጳውሎስ በዚያ ክፍል የገሠጸው ድሀ ወንድማቸውን እያሳፈሩ፣ በማዕዱ ላይ የሚሰክሩትን ነው። አልበቃሁም ማለትሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ከወሰደሽ ትሕትና ነው፤ ከእሳቸው ከደበቀሽ ግን ተስፋ መቁረጥ ነው፣ እሱን አትስሚው።

የንስሐ አባት ከሌሉሽ በአጥቢያሽ ካሉት ካህናት አንዱን ጠይቂ። በግርግር መካከል አይሆንም፤ ቀጠሮ ያዢ። ስትናዘዢ «ያው ኃጢአተኛ ነኝ» ብለሽ አትለፊው፤ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተደጋገመ ተናገሪ። የሌላ ሰው ስም አታንሺ፤ ምክንያትም አትደርድሪ። የሰው ገንዘብ በእጅሽ ካለ መልሺ፤ የተጣላሽው ካለ ታረቂ። ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ምጽዋቱን እሳቸው ይወስኑልሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በራሱ ላይ ከባድ ቀኖና (ለንስሐ የሚፈጸም ጾምና ስግደት) ይጭንና ሳይጨርሰው ሲቀር «ድሮም አልችልም» ብሎ ይተወዋል። የተሰጠሽ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ንገሪያቸው፤ ያቀሉልሻል። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ከተባልሽ በኋላም ያንኑ ኃጢአት አዲስ እንደሆነ እየመለስሽ አትናዘዢ።

ለመቁረብ 18 ሰዓት ትጾሚያለሽ። እሑድ ቅዳሴው ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ የሚያልቅ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እህል ውኃ የለም። ቅዳሴው ሳይጀመር ድረሺ። በወር አበባሽ ላይ ከሆንሽ ቀኑን አዛውሪው፤ ሥርዓት ስለሆነ ነው እንጂ ኃጢአት ሆኖ አይደለም። ከተቀበልሽ በኋላ የቅዳሴ ጠበል ጠጪ፤ ካህኑ ሕዝቡን ሳያሰናብቱ አትውጪ።

ብትወድቂስ? ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣማል (ምሳ. 24፥16)። ሳምንት ሳታሳድሪ ወደዚያው አባት ተመለሺ፤ የሚጎዳው ውድቀቱን ይዞ መክረሙ ነው።