ዶላሩ ወጥቷል፣ ዕቃው ግን አልተጫነም፦ የውጭ ክፍያ ጥያቄዎች ከድሬና ከሐረር

ብዙ ዓመት በባንክ የውጭ ንግድ ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሆኜ ለአስመጪዎች ሰነድ አዘጋጃለሁ። ወደ ውጭ ስትከፍሉ የሚያስቸግራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ መልሻለሁ። መመሪያ ቶሎ ቶሎ ይቀየራልና የክፍያ ጣሪያና የኮሚሽን መጠን የዕለቱን ከባንካችሁ ጠይቁ። እኔ የምነግራችሁ አሠራሩን ነው።

ጥያቄ (ከቀፊራ)፦ ጋሼ፣ ለዱባይ አቅራቢዬ 10,000 ዶላር በቲቲ (በቀጥታ የባንክ ሐዋላ) ላክሁ። እሱ 9,960 ነው የገባልኝ ብሎ ዕቃዬን ይዞብኛል። 40 ዶላሩን ማን በላው?

መልስ፦ መንገድ ላይ ያለው ባንክ። የኛ ባንኮች ውጭ አገር ባሉ ባንኮች ዘንድ ሒሳብ አላቸው። ስትልክ ከድሬ የሚወጣው ባንኮች በሚጻጻፉበት በስዊፍት መረብ የሚላክ መልእክት ነው። ገንዘቡ ከዚያ ከውጭው ሒሳብ ተቀንሶ ነው ወደ ዱባይ የሚዞረው። ዶላር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኒውዮርክን ይረግጣል። ያሻገረው ባንክ ደግሞ በነፃ አይሠራም።

የማዘዣ ቅጹ ላይ የባንክ ወጪውን ማን ይቻል የሚል ቦታ አለ። «አወር» ከተባለ ሁሉም ባንተ ነው። «ሻ» ከተባለ የዚህኛው ባንክ ባንተ፣ የቀረው በተቀባዩ ይሆናል። «ቤን» ከሆነ ሁሉም ከተቀባዩ ላይ ይቆረጣል። ብዙ ሰው ቦታውን ባዶ ይተወዋል፤ ሠራተኛው የለመደውን ይሞላል። «አወር» ተብሎም አንዳንዴ ትንሽ ይቆረጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ዋጋ ስትነጋገሩ ይወሰንና ፕሮፎርማው (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ ይጻፍ። ለጊዜው ግን 40 ዶላሩን ከሚቀጥለው ጭነት ጋር እንዲያስብልህ አግባባው። ለ40 ዶላር ሌላ ቲቲ መላክ ለባንክ መቀለብ ነው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ባንኩ አይባን አምጪ ይለኛል። ቻይናዊው አይባን የሚባል የለኝም ይላል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ቻይናዊውን። አይባን ዓለም አቀፍ ቅርጽ ያለው የሒሳብ ቁጥር ነው፤ ቻይና አትጠቀምበትም፤ ህንድና አሜሪካም እንዲሁ። ኤምሬትስ ትጠቀማለች፣ ርዝመቱ 23 ነው። ቱርክ 26። ከቻይና የሚያስፈልግሽ የሒሳብ ቁጥሩ፣ የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ የባንኩ አድራሻና 8 ወይም 11 ሆሄ ያለው ስዊፍት ኮድ ነው። አይባን ላይ አንድ ቁጥር ብትሳሳቺ ሲስተሙ ራሱ ይይዝልሻል፤ ማረጋገጫ ቁጥር በውስጡ አለው። የቻይናው ሒሳብ ቁጥር ላይ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና አትጠብቂ። ከወረቀት እያየሽ አትገልብጪ፣ ፋይሉን ተቀብለሽ በኮምፒውተር ኮፒ አስደርጊ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸዋ በር)፦ የላክሁት ገንዘብ ሳምንት ሊሞላው ነው። ባንኩ «ኮምፕላያንስ ላይ ነው» ከማለት ሌላ ቃል የለውም። እኔ ምን ወንጀል ሠራሁ?

መልስ፦ ምንም። ኮምፕላያንስ ክፍያው ሕግ እንዳይጥስ የሚያጣራው ክፍል ነው። ስምህ ይሆናል የያዘው። መልእክቱ የሚያልፍበት እያንዳንዱ ባንክ የላኪንና የተቀባይን ስም ከማዕቀብ ዝርዝሮች ጋር ያመሳክራል። የኛ አካባቢ ስም ደግሞ ታውቀዋለህ። መሐመድ፣ አህመድ፣ አብዲ፣ ዩሱፍ በየቤቱ አለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ መሐመድ አምስት ዓይነት ይሆናል። ማሽኑ ተመሳሳይ ስም ሲያይ ያቆማል፤ ከዚያ ሰው ማየት አለበት።

የሚያዩት ሰዎች ጥያቄ ይልካሉ። ላኪው መቼ ተወለደ? ዕቃው ምንድነው? ጥያቄው ወደኛ ባንክ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚያንቀላፋውም እዚሁ ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ደርሶ ቅርንጫፉ ሳይሰማ ቀናት ያልፋሉ። ስለዚህ «ገንዘቤ የት ደረሰ?» አትበል። «ከውጭ የመጣ ጥያቄ አለ ወይ? መልስ ተሰጥቷል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ዩኢቲአር የሚባል 36 ሆሄ ያለው መከታተያ ቁጥር አለ፣ እሱንም ስጡኝ በላቸው። ተቀባዩ ለራሱ ባንክ ይዞት ይሄዳል።

ለሚቀጥለው ስምህ እስከ አያት ይጻፍ። ፓስፖርቱ፣ ንግድ ፈቃዱና የባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ አንድ ይሁን። የክፍያው ምክንያት ላይ «ዕቃ» ብሎ መተው ጥርጣሬ መጋበዝ ነው። «የሴራሚክ ንጣፍ፣ ፕሮፎርማ ቁጥር ይህን ያህል» ይባል።

ቀኑንም አስብ። እኛ ቅዳሜ ባንክ እንከፍታለን፤ ኒውዮርክ አይከፍትም። ኤምሬትስም ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ዕረፍቷን ቅዳሜና እሁድ አድርጋለች። ዓርብ ከሰዓት ያስገባኸው ሰኞ ቢንቀሳቀስ አይግረምህ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ቲቲ፣ ካድ፣ ኤልሲ። ለጀማሪ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እንደ ሻጩ ነው። ቲቲ ማለት ብሩን አስቀድመህ ሰጠህ፣ ከዚያ እግዜር ያውቃል። ካድ ላይ ሻጩ ይጭንና ሰነዱን በባንክ በኩል ይልካል። አንተ ከፍለህ ሰነዱን ትወስዳለህ። እዚህ ላይ ፈተናው የሻጩ ነው፤ አልከፍልም ብትል ዕቃው ጅቡቲ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ የማያውቅህ ሻጭ ካድ እሺ አይልም። እሺ ካለህም የባንክ ፈቃዱን፣ ማለትም ለግዢው የውጭ ምንዛሬ የሚፈቅደውን ወረቀት፣ ሳታወጣ እንዳይጭን ንገረው። ተጭኖ ያለቀ ዕቃ ላይ ፈቃድ ማውጣት ራስ ምታት ነው።

ኤልሲ ደግሞ ሻጩ የተባለውን ሰነድ ካቀረበ እከፍላለሁ ብሎ ባንክህ የሚገባለት ቃል ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ባንኩ ዕቃውን የሚያረጋግጥለት ይመስለዋል። አያረጋግጥም! ዩሲፒ 600 የሚባለው፣ ከሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ባንኮች የሚያዩት ሰነድ እንጂ ዕቃ እንዳልሆነ በግልጽ ይላል። ሰነዱ ከተሟላ ካርቶኑ ውስጥ ድንጋይ ቢኖርም ይከፈላል። ጥራት ካሳሰበህ ኤልሲው ስትከፍት «የገለልተኛ ተቆጣጣሪ የምርመራ ሰርተፊኬት ይቅረብ» ብለህ አስገባ። ያኔ ያ ወረቀት ከሌለ ክፍያ የለም።

በተቃራኒው ደግሞ ቃል ማብዛት አለ። ኤልሲ ላይ ግማሽ ገጽ ዝርዝር የሚጽፍ ሰው አውቃለሁ። የሻጩ ኢንቮይስ ከዚያ ጋር ካልገጠመ «ዲስክሬፓንሲ» ተብሎ ይመለሳል። ባንኩ ሰነዱን ለማየት እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀን አለው። ሲመላለስ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ኪራይ ይቆጥራል።

የኔ ምርጫ? ለአዲስ ሻጭ መጀመሪያ ብትጠፋ የማትቆጭባትን ገንዘብ በቲቲ። ከተማመናችሁ ካድ። ትልቅ ገንዘብና የማታውቀው ሻጭ ከተገናኙ ኤልሲ፣ ወጪው ቢመርም።

ጥያቄ (ከታይዋን ሰፈር)፦ አቦ የዶላር ወረፋ ቀርቷል ይሉናል፣ ባንክ ስንሄድ ግን ዶላር የለም። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። ዋጋው በባንኩና በደንበኛው ድርድር ይወሰናል ማለት ነው። ግን የሚሸጠው ባንኩ ያለውን ነው። ዕቃ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች ደንበኞቹ የሆኑለት ባንክ ዶላር ይኖረዋል፣ ሌላው ይጠብቃል። ሦስት አራት ባንክ ጠይቅ፣ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ኮሚሽኑን ደምረህ አወዳድር። በርካሽ ምንዛሬ ጠርቶ በኮሚሽን የሚያካክስ አለ።

ጥያቄ (ከአወዳይ)፦ ልጅዎ ነኝ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ዱባይ ያለ ዘመዴ ለሻጩ ይክፈልልኝና እዚህ ለቤተሰቡ ብር ብሰጥስ? በአንድ ቀን ያልቃል።

መልስ፦ በአንድ ቀን እንደሚያልቅ አውቃለሁ፣ ልጄ። ሕገወጥ መሆኑንም ታውቃለህ። ዕቃው ሲመጣ ጉምሩክ የባንክ ፈቃድ ይጠይቅሃል፤ የለህም። በሒሳብ መዝገብህም ዕቃውን በምን ገዛኸው ትባላለህ። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዘመድህ የሚከፍልበት ገንዘብ የማን እንደሆነ አታውቅም። የሻጩ ባንክ ከማያውቀው ሦስተኛ ሰው የገባ ክፍያ ሲያይ ሒሳቡን ሊያግድ ይችላል፤ ሻጩም ጣቱን ወዳንተ ይቀስራል።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ ሻጩ «ሒሳባችን ኦዲት ላይ ነው፣ በዚህ አዲስ ቁጥር ላክ» የሚል ኢሜይል ላከልኝ። ልላክ?

መልስ፦ አትላክ! ዛሬ ከመለስኳቸው ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ። ሌባው ያንተን ወይም የሻጩን ኢሜይል ሰብሮ ገብቶ ሲያነብ ይከርማል። ፕሮፎርማው ደርሶ ክፍያ ሲቃረብ ይገባል። ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ የአጻጻፍ ወዙ ሳይቀር ያው ነው። አድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ትለያለች። ሻጩ ያለው ቻይና ጓንዡ፣ አዲሱ ሒሳብ ያለው ሌላ አገር፣ ስሙም የሌላ ድርጅት ከሆነ ጨዋታው አልቋል።

ለኢሜይሉ አትመልስ፣ እዚያ ላይ ያለውን ስልክም አትደውል። ከድሮ ሰነድ ላይ ባለው ቁጥር ደውለህ ድምፁን ስማ። ተልኮ ከሆነ ዛሬውኑ ባንኩ የመመለሻ መልእክት ይላክልህ፤ ነገ አትበል። ገንዘቡ ተቀባዩ ሒሳብ ከገባ በኋላ ያለ ባለሒሳቡ ፈቃድ ማስመለስ ከባድ ነው። ሌባ ደግሞ አይፈቅድም።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ልጄ ቱርክ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የትምህርት ክፍያዋን እንዴት ልላክ?

መልስ፦ እትዬ፣ ይሄ ቀላሉ ነው። የመግቢያ ደብዳቤዋን፣ የዩኒቨርሲቲውን የክፍያ መጠየቂያና ፓስፖርቷን ይዘው ባንክ ይሂዱ። ገንዘቡ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ይላክ። የተማሪ ቁጥሯ መልእክቱ ላይ ይግባ፤ ያለዚያ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀመጣል።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ለዱባይ በድርሃም ብከፍል ይረክሳል?

መልስ፦ ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 ከታሰረ ቆይቷል። ከምንዛሬ መዋዠቅ የሚገኝ ትርፍ የለም። ሻጩ ዶላሩን ወደ ድርሃም ሲቀይር በስንት እንደሚያስብልህ ግን ጠይቅ፤ 3.65 ካለህ ልዩነቱ ወደ ኪሱ ገብቷል።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ከፍዬ ዕቃውን ከወሰድኩ በኋላ ከባንክ ጋር ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ዲክላራሲዮኑ፣ ዕቃው ሲገባ ጉምሩክ የሚሞላው ሰነድ። ዶላር የወጣበት ዕቃ አገር መግባቱን ለባንኩ በጊዜው ማሳየት አለብህ። ካላሳየህ ስምህ ያልተወራረደ አስመጪ ተብሎ ይመዘገባል፤ ሌላ ባንክ ብትሄድም ፈቃድ አታገኝም። ዕቃህን ከጉምሩክ የሚያወጣልህ ትራንዚተር «ሰጥቻለሁ» ቢልህ አትመን፣ ቅርንጫፍህ ሄደህ የገባበትን ቀን ጠይቅ። የራስህንም ኮፒ ከፕሮፎርማው ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጥ።