በማታ «የመናፍስት ጉብኝት» መምራት ለክርስቲያን ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጅማ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። የስኮትላንዷን ኤድንብራን በመሳሰሉ ከተሞች ሰው እየከፈለ በማታ በአሮጌ ሰፈሮች ይዞራል፣ የሙታን መንፈስ ታይቷል የሚባልበትን ቦታ እያየ ታሪኩን ይሰማል። ጓደኞቼ «እኛም ከሕርማታ ገበያ እስከ ጅሬን ቤተ መንግሥት እንጀምር» ይሉኛል። የተዋሕዶ ልጅ ነኝና ብመራ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በማታ መዞርና የቀደመ ታሪክ መተረክ በራሱ ኃጢአት የለበትም። ኃጢአት የሚሆነው ሙታን ሲጠሩ፣ ሲጠየቁ ወይም ስጦታ ሲቀርብላቸው ነው። ዘዳግም 18፥10-12 ሙታን ሳቢን ከጠንቋይና ከመተተኛ ጋር አንድ ላይ ይከለክላል። ሳኦል ራሱ መናፍስት ጠሪዎችን ከምድሩ ካጠፋ በኋላ፣ ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶሯ ሴት ሄደ (1ኛ ሳሙ. 28)። መጨረሻውን ታውቀዋለህ።

ኤድንብራን ካነሣህ፣ እዚያ ከመሬት በታች በቀረው የሜሪ ኪንግ መንደር አንዲት ክፍል አለች። እ.ኤ.አ. በ1992 አንዲት መናፍስት ጠሪ «የአንዲት ሕፃን መንፈስ እዚህ አለ» ካለች ወዲህ ጎብኚዎች አሻንጉሊት እያመጡ ያኖሩላታል። አዝነው እንደሚያደርጉት አልጠራጠርም። ግን ለቆሌ ቡና ከማፍሰስና ዛፍ ቅቤ ከመቀባት በምን ይለያል? «የጻድቃን ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት» (ጥበብ 3፥1)። ለሟች የምናደርገው ፍትሐት፣ የ40 እና የ80 ቀን ተዝካር፣ ለድሃ የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ስለዚህ በጉዞህ ላይ ሻማ አብርቶ «እዚህ ያላችሁ መልሱልን» ማለት፣ ድምፅ ይቀዳል በሚባል መሣሪያ ሙታንን መጠየቅ፣ መቃብር ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ፣ አንዱም አይኑር። የጉብኝቱ ባለቤት «ይህ ካልተጨመረ አይሸጥም» ካለህ ያን ሥራ ተወው።

ሌላው የሐሰት ነገር ነው። የአባ ጅፋር መቃብር ጅሬን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት እስላም ንጉሥ ናቸው፣ ወገኖቻቸውም ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው። «መንፈሳቸው በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ይዞራል» ብሎ መፍጠር በሟች ላይ በሐሰት መመስከር ነው፣ ቤተሰብንም ያስቀይማል። መቃብር አጠገብ ለመድረስ ካስፈለገ አስቀድመህ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቅድ። እውነተኛው ታሪክ ሳይቀባባ ልብ ይነካል፤ በሕርማታ ገበያ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። እዚያ ስትቆም ስማቸው የማይታወቅ ስንቶች በዚያ እንዳለፉ ተናገርና በልብህ «ነፍስ ይማር» በል።

ጉዞውንም አስተካክለው። የጅሬኑ ቤተ መንግሥት ከመሐል ከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ዳገት ላይ ስለሆነ በማታ በእግር አይሞከርም፤ የጅማ ዝናብ ጭቃውን ያንሸራትተዋል፣ ጅብም አለ። ጅሬንን በቀን አሳይ። ማታ ከሕርማታ ወደ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ መብራት ባለበት መንገድ፣ ከ12 ሰው ባልበለጠ ቡድን፣ ከምሽቱ 12፡30 ጀምረህ 2፡30 ሳይሆን ጨርስ። ባትሪ ለሁለት ሰው አንድ ይድረስ። ከመውጣትህ በፊት መዝሙር 90ን ድገም፤ «ከሌሊት ግርማ አትፈራም» የሚለው ለአንተም ነው።

ተደብቆ ዘሎ የሚያስደነግጥ ሰው አታቁም፤ ነፍሰ ጡር፣ ልብ ሕመምተኛ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት በቡድኑ ሊኖር ይችላል። በጨለማ የተነገረ ታሪክ ያላየነውን ያሳየናል። ሐዋርያትም ጌታን በሌሊት በባሕር ላይ ሲሄድ ባዩት ጊዜ ምትሐት መስሏቸው ጮኸዋል (ማቴ. 14፥26)። አጋንንት የሉም ማለቴ አይደለም፤ ሰይጣን የብርሃን መልአክ ለመምሰል ራሱን ከለወጠ (2ኛ ቆሮ. 11፥14) የሟች ድምፅ መምሰል አያቅተውም።

አንድ ሰው ጮኾ ቢወድቅ ግን «ጋኔን ያዘው» ብለህ አትፍረድ፣ ማንም ከብቦ እንዲያጮኸው አትፍቀድ። ሰውን አርቅ፣ በጎኑ አስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገባ። መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ካልነቃ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሰው። ጠበሉን ሲረጋጋ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ይጠመቃል።