ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይስ ድሬዳዋ፦ የአምስት ሰው አስቤዛ የት ይቀላል?

ሰላም እህቴ። «ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ልንዛወር ነው፣ አምስት ቤተሰብ ነን፣ አስቤዛ የቱ ጋ ይረክሳል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ እንጀራ የማይጠፋበት ቤት ከሆነ ባሕር ዳር ያዋጣል። ድንች፣ በቆሎና ቆጮ የለመደ ቤት ሐዋሳ ይቀለዋል። ሩዝና ፓስታ የሚያዘወትር ደግሞ ድሬዳዋ አይከብደውም።

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ መጀመሪያ የወር አስቤዛችሁን በብር ሳይሆን በኪሎ ጻፊው። ለአምስት ሰው መነሻ የሚሆን፦ ጤፍ 40 ኪሎ፣ ቀይ ሽንኩርት 15፣ ድንች 8፣ ቲማቲም 5፣ ሽሮ 4፣ ዘይት 5 ሊትር፣ በርበሬ፣ ቅቤና ቡና እንደ ቤታችሁ ልማድ። ከዚያ በየከተማው የሚኖር የምታምኚው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የዚህኑ ዝርዝር ዋጋ ጠይቆ ይላክልሽ። ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ብዙ አይራራቁም። ልዩነቱን የሚያመጣው ከየአካባቢው መሬት የሚወጣው ነው።

ባሕር ዳር የጎጃም ጤፍ ደጃፉ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ከፎገራና ከቆጋ መስኖ፣ ሩዙም ከፎገራ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም ከጣና ይመጣል። ችግሩ መንገድ ነው። መንገድ ሲዘጋ ጤፉ መውጫ አጥቶ ሊረክስ ይችላል፣ ከውጭ የሚገባው ዘይትና ስኳር ግን ወዲያው ይሰቀላል። እዚያ የሚኖር ቤተሰብ የሁለት ወር ዘይት አስቀድሞ ቢይዝ ይበጀዋል።

ሐዋሳ ላይ ድንችና ጎመን ከሻሸመኔ ዙሪያ፣ በርበሬ ከሃላባ፣ ሙዝ ከአርባ ምንጭ፣ ቡና ከሲዳማ ይቀርባል። ማኛ ጤፍ ግን ከሸዋና ከአርሲ በኩል ተጭኖ ስለሚመጣ በጤፍ ላይ ከአዲስ አበባ ብዙ እንዲቀንስ አትጠብቂ።

ድሬዳዋን በጥንቃቄ ማስላት ያስፈልጋል። ጤፍ በአካባቢው ብዙም ስለማይመረት የጭነቱ ዋጋ እያንዳንዱ ኪሎ ላይ ይደመራል። የሐረርጌ ማሽላ ግን ቅርብ ነው፤ ሦስት እጅ ጤፍ ላይ አንድ እጅ ማሽላ ቀላቅሎ መጋገር ወጪውን በሚታይ ሁኔታ ያወርደዋል፣ እንጀራውም አይበላሽም። ከሐረማያ ዙሪያ የሚወርደው ድንችና ሽንኩርት ለጅቡቲና ለሶማሌ ገበያም ስለሚጫን ቅርብ በመሆኑ ብቻ ርካሽ አይሆንም። ሙቀቱ ሌላ ወጪ ያመጣል፦ ሊጡ ቶሎ ይቦካል፣ እንጀራው ቶሎ ይሻግታል፣ ስለዚህ አንዴ ብዙ ጋግሮ ማቆየት አይቻልም፣ ምጣዱ በየሁለት ቀኑ ይጣዳል። በአንጻሩ ከተማው ቆላ ስለሆነ ውኃ ከአዲስ አበባ በበለጠ ሙቀት ይፈላል፣ ባቄላና ሥጋ ቶሎ ይበስላሉ፣ ከሰልም ይተርፋል። ዘይት ስትገዢ ተጠንቀቂ፤ አዲስ አበባ ብርድ ላይ የሚረጋው ፓልም እዚያ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ በዓይን መለየት አይቻልም፣ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። የታሸገ ነገርም ሙቀት ውስጥ ስለሚከማች የሚያበቃበትን ቀን ሳታዪ አትክፈዪ።

ዋጋ ስታነጻጽሪ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገበያ ላይ የተጠራውን ዋጋ ብቻ በመያዙ ነው። ድስት የሚገባውን ኪሎ አስቢ። 15 ኪሎ ሽንኩርት ገዝተሽ 3 ኪሎው በስብሶ ከተጣለ፣ የከፈልሽው ለ12 ይካፈላል፣ ኪሎው በሩብ ተወደደ ማለት ነው። ለጋ ቅቤ ሲነጠር ከአንድ ኪሎ 800 ግራም ገደማ ይቀራል። ዛላ በርበሬ እንዲመዝን ውኃ የሚረጩበት አለ፤ ዛላውን ስትነቀንቂው ፍሬው ካልተንሿሿና ስትሰብሪው ካልተሰበረ እርጥብ ነው፣ ቤት ገብቶም ይሻግታል። ጤፍ ላይ የማበጠሪያውን ገለባና የወፍጮውን ክፍያ ደምሪ። በጣሳና በመደብ የሚሸጠውን ደግሞ ቢያንስ አንዴ በእጅ ሚዛን መዝኚው፤ ጣሳው ከከተማ ከተማ ይለያያል፣ በአንዱ ገበያ በልኩ፣ በሌላው ከነቁልሉ ይሰፈራል።

የወሩም ነገር አለ። ሽንኩርት ክረምት ላይ ይወደዳል፣ ዝናቡ ያበሰብሰዋል፣ ከማሳ ማውጣትም ያስቸግራል። ጤፍ አዝመራው ገብቶ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይረጋጋል፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ይጠነክራል። ቅቤ በዓል ሲቃረብ ይጨምራል፣ በጾም ይለዝባል። ስለዚህ የሐዋሳን የነሐሴ ዋጋ ከባሕር ዳር የጥር ዋጋ ጋር አታስተያዪ። ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው ደረቅ ቦታ ርብራብ ላይ አስቀምጦ የብዙ ወር መያዝ ይቻላል። በቆሎና ማሽላ ግን በሐዋሳና በድሬዳዋ ሙቀት ቶሎ ይነቅዛሉ፣ ከአንድ ወር በላይ አትግዢ።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ በሚያወጣው የክልሎች የዋጋ ግሽበት ቁጥር ከተማ አትምረጪ። ያ ቁጥር እያንዳንዱ ክልል ከራሱ ያለፈ ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረ ነው የሚናገረው። ግሽበቱ ከፍ ያለ ክልል አሁንም ከሌላው የረከሰ ሊሆን ይችላል።

ከመነሳታችሁ በፊት ከቀበሌ ወይም ከወረዳችሁ መሸኛ አውጪ። ሸማቾች ማኅበር በድጎማ ዋጋ የሚያቀርበው ስኳርና ዘይት ካለ የሚሰጠው በነዋሪነት መታወቂያ ነው፤ አዲሱ መታወቂያ እስኪደርስሽ ድረስ ላሉት ወራት ስኳሩንና ዘይቱን በሱቅ ዋጋ አስልተሽ በጀቱ ውስጥ አስገቢ።