ኤርፖርት ላይ ሲም ልግዛ፣ ኢሲም ልጫን ወይስ በሮሚንግ ልሂድ?

ሰላም ወንድሜ። «ለሦስት ሳምንት ሁለት ሦስት አገር እዞራለሁ፤ ስደርስ ኤርፖርት ላይ ሲም ልግዛ፣ ከመሄዴ በፊት ኢሲም ልጫን ወይስ ያለኝን ቁጥር ሮሚንግ አስከፍቼ ልሂድ? የትኛው ይረክሳል?» ብለህ ጠይቀሃል። ኢሲም ማለት ፕላስቲክ ሳይከተት ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም ነው፤ ሮሚንግ ደግሞ የአንድ አገርን ሲም በሌላ አገር ኔትወርክ መጠቀም ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የጊጋ ዋጋ ማነጻጸር ይጀምራል። ዋጋ ግን መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው። አስቀድመህ ስልክህ ምን እንደሚቀበል፣ የያዝከው ቁጥርም አንተ በሌለህበት ምን እየሠራልህ እንደሆነ እወቅ። ርካሽ ሲም ገዝቶ የሚንገላታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚንገላታው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ስልኩን እንይ። ከአንድ የቴሌኮም ኩባንያ በውል ወይም በቅናሽ የተገዛ ስልክ የዚያን ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲቀበል ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ጄነራል፣ አባውት ውስጥ ገብተህ ወደ ታች ውረድ፤ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው አጠገብ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ክፍት ነው። አንድሮይድ ላይ ቦታው እንደየስልኩ ስለሚለያይ አጭሩ መንገድ የሌላ ኩባንያ ሲም ተውሶ መክተት ነው። ኔትወርክ ከያዘ አበቃ፤ የመክፈቻ ኮድ ከጠየቀህ ተቆልፏል ማለት ነው። ኮዱን የሚሰጥህ ስልኩን የሸጠልህ ኩባንያ ነው፤ ጥያቄው ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ለመነሻህ ዋዜማ አታቆየው።

ቀጥሎ *#06# ደውል። አይኤምኢአይ ከሚለው ቁጥር ጋር «ኢአይዲ» የሚል ባለ 32 አሃዝ ቁጥር ከመጣልህ ስልክህ ኢሲም ይቀበላል። የተሠራበት ገበያም ለውጥ አለው። ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የወጡት አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ ስለዚህ ኤርፖርት ላይ የሚሸጠው ፕላስቲክ ሲም ለእነሱ ምንም አይጠቅም። ለዋናው ቻይና የተሠሩት አብዛኞቹ አይፎኖች ደግሞ ሁለት ፕላስቲክ ሲም ይይዛሉ፣ ኢሲም ግን የላቸውም። ያገለገለ ስልክ የገዛ ሰው ይህን ሳያጣራ ኢሲም እንዳይገዛ።

ስልክህ ቆየት ያለ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች 3ጂን በ2022 ዘግተዋል፤ አውስትራሊያም በ2024 ማብቂያ ላይ ዘግታለች። እንዲህ ባለ አገር ጥሪ የሚያልፈው በ4ጂ ላይ ነው፣ ቮልቲኢ በሚባለው። ስልክህ ያንን የማይደግፍ ከሆነ ኢንተርኔቱ እየሠራ ጥሪው እምቢ ይልሃል፤ ሲሙን ብትቀይር ለውጥ አታመጣም።

አሁን ወደ ቁጥርህ። የባንክ ማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ የሚመጣልህ ከሆነ የድሮ ሲምህን አውጥተህ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጥ። ካርድህን ለመጠቀም ወይም ገንዘብ ለማዛወር ስትሞክር ኮዱ የሚሄደው ወደዚያ ቁጥር ነው። በብዙ ኩባንያ ሮሚንግ ላይ ሆነህ ኤስኤምኤስ መቀበል በነጻ ነው፤ ጥሪ ማንሳት ግን ያስከፍላል። ስለዚህ ኩባንያህን ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ሮሚንግ ለቁጥሬ ተከፍቷል ወይ? ኤስኤምኤስ ለመቀበልስ ይቆረጥብኛል ወይ? መልሱ ጥሩ ከሆነ የድሮውን ሲም ለኤስኤምኤስ ብቻ ክፍት አድርገህ ዳታ ሮሚንጉን ዝጋ፣ ዳታውን ከአዲሱ ሲም ተጠቀም።

እዚህ ላይ ሰው ሳያስተውል የሚቆረጥበት ሁለት ቦታ አለ። የመጀመሪያው የድምፅ መልእክት ሳጥን ነው። ሮሚንግ ላይ ሳለህ ያላነሳኸው ጥሪ ወደ ሳጥኑ ሲዛወር፣ ወደ አንተ በመጣበትም ተመልሶ በሄደበትም ሊታሰብብህ ይችላል። ከመነሳትህ በፊት ##002# ብትደውል ጥሪ ማዛወሩ በሙሉ ይሰረዛል። ሁለተኛው አይፎን ላይ «አላው ሴሉላር ዳታ ስዊቺንግ» የሚለው ነው። ክፍት ከሆነ አዲሱ ሲም ኔትወርክ ሲደክምበት ስልኩ በድሮው ሲም ዳታ ሊጠቀም ይችላል። ዝጋው። ዋትስአፕ አዲስ ሲም አይቶ «ቁጥር ትቀይራለህ?» ቢልህ እምቢ በል፤ በድሮ ቁጥርህ፣ በአዲሱ ዳታ ይሠራል። ቴሌግራምም እንደዚያው።

የአገሩ ስልክ ቁጥር ያስፈልግሃል ወይስ ኢንተርኔት ብቻ? ለተጓዥ የሚሸጡ ኢሲሞች አብዛኞቹ ዳታ ብቻ ናቸው፤ መደወያ ቁጥር የላቸውም። ጃፓን ውስጥ ለጎብኚ የሚሸጡት ፕላስቲክ ሲሞችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ታክሲ ጠርተህ ሹፌሩ እንዲደውልልህ ወይም ቤት አከራይ እንዲያገኝህ ከፈለግክ ቁጥር ያለው የአገሩ ሲም ይሻልሃል። አውሮፓ ውስጥ ከሆንክ ከሰኔ 2017 ወዲህ (በፈረንጅ አቆጣጠር) በአንዱ የአውሮፓ ኅብረት አገር የተገዛ ሲም በሌሎቹም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል፤ ኖርዌይ፣ አይስላንድና ሊክተንስታይንም አሉበት። እንግሊዝና ስዊዘርላንድ ግን በሕጉ አይገደዱም፤ በእነሱ በኩል የምታልፍ ከሆነ የጥቅሉን የአገሮች ዝርዝር አንብብ። ድንበር ተሻግረህ የምትጠቀምበት ጊጋም ከሙሉ ጥቅሉ ሊያንስ ስለሚችል እሱንም እይ።

የተጓዥ ኢሲም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሮሚንግ ነው፤ ዳታህ በሌላ አገር በኩል ዞሮ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ፍጥነቱ ትንሽ ሊቀንስ፣ አንዳንድ የባንክ አፕም «ከየት ነህ?» ሊልህ ይችላል። ቻይና ውስጥ ግን ይኸው መዞር ይጠቅምሃል። በውጭ ሲም ሮሚንግ ላይ ያለ ሰው ዋትስአፕና ጉግል ይከፈቱለታል፤ የአገሩን ሲም የገዛ ሰው ግን አይከፈቱለትም።

ጥቅሉን ስታነብ ዋጋውን ትተህ ጥቃቅኑን ጽሑፍ ፈልግ። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ኢሲሙን ስትጭን ነው ወይስ መጀመሪያ ኔትወርክ ሲይዝ? «አንድ ቀን» ማለት 24 ሰዓት ነው ወይስ እስከ እኩለ ሌሊት? ማታ 5 ሰዓት ላይ የምታርፍ ከሆነ ሁለተኛው ዓይነት አንዱን ቀን ይበላብሃል። ሆትስፖት (ኢንተርኔቱን ለሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ማጋራት) ይፈቀዳል? ሲያልቅ መሙላት ይቻላል?

«አንሊሚትድ» የሚለውን ደግሞ በተለይ ተጠንቀቅ። ብዙዎቹ በቀን የተወሰነ መጠን ካለፍክ ፍጥነቱን ይጥሉታል፤ አንዳንዶቹ እስከ 128 ኪሎቢት በሰከንድ ያወርዱታል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሜጋባይት ፎቶ 8000 ኪሎቢት ገደማ ነው፣ ለ128 ስታካፍለው አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የጽሑፍ መልእክት ያልፋል፤ ካርታ ግን መታጠፊያውን ካለፍከው በኋላ ነው የሚከፈተው።

ስንት ጊጋ ይበቃል? የዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከአንድ ሜጋ ያልበለጠ፣ የቪዲዮ ጥሪ አምስት ሜጋ ገደማ ይበላል። ጥራት ያለው ቪዲዮ ማየት ግን በሰዓት እስከ ሦስት ጊጋ ይደርሳል። ከሁሉ በላይ ጥቅል የሚጨርሰው ስልኩ በራሱ ወደ ክላውድ የሚልከው ፎቶና የአፕ ማሻሻያ ነው። ሁለቱን በዋይፋይ ብቻ አድርጋቸው፣ የምትሄድበትን ከተማ ካርታም አስቀድመህ አውርድ።

ኢሲም ከመረጥክ ቤትህ ሆነህ በዋይፋይ ጫነው። ኪውአር ኮዱ ያለው እዚያው ስልክህ ላይ ከሆነ በካሜራ ስለማይነሳ በሌላ ስክሪን ክፈተው። ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ «አልሠራም» ብለህ አታጥፋው፣ ሁለተኛ ላትጭነው ትችላለህ። ፕላስቲክ ከመረጥክ ፓስፖርትህን ያዝ፤ በብዙ አገር ያለ ምዝገባ አይሸጥም። በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ መንገድ ላይ የሚሸጥ ሲም በማንኛውም ሰዓት ሊዘጋብህ ስለሚችል እሱን ተወው። ሲሙ የተነቀለበትን ካርድ አትጣል፣ ፎቶ አንሣው። የሲሙን ፒን (የይለፍ ቁጥር) ሦስት ጊዜ ከተሳሳትክ ስልኩ ፐክ የሚባል የሲም መክፈቻ ቁጥር ይጠይቅሃል፤ ፐኩ ብዙ ጊዜ እዚያ ካርድ ላይ ታትሟል። ፐኩን አሥር ጊዜ ከተሳሳትክ ሲሙ ሞተ።

ከሻጩ ሳትለይ ዋይፋይ አጥፍተህ አንድ ገጽ ክፈት፣ አንድ ጥሪም ሞክር። ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት እምቢ ካለ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ፦ ዳታ የተመረጠው በአዲሱ ሲም መሆኑን እይ። ኢሲም ከሆነ የእሱን ዳታ ሮሚንግ ክፈት፤ የድሮው ተዘግቶ የአዲሱ መከፈት አለበት፣ ብዙ ሰው ሁለቱንም ይዘጋል። ከዚያ ኤፒኤኑ (ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት፣ ሴቲንግ ውስጥ የሚጻፍ የኩባንያው ስም) ሻጩ ከሰጠህ ጋር በፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጥ፤ አንድ ክፍተት ወይም ነጥብ ከተሳሳተ አይገናኝም። ስልኩን አጥፍተህ አብራ። አሁንም ካልሆነ ኔትወርክ መምረጫውን ከአውቶማቲክ አውጥተህ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ኩባንያ በእጅህ ምረጥ። ድንበር አካባቢ ስልኩ የጎረቤት አገርን ኔትወርክ ሲይዝብህም የሚረዳህ ይኸው ነው። መርከብ ላይ በሳተላይት የሚሠራው ኔትወርክ ከአብዛኛው ጥቅል ውጪ ስለሆነ እዚያ ኤርፕሌን ሞድ አብራ።

ላንተ ጉዞ፣ ስልክህ ክፍት ሆኖ ኢሲም የሚቀበል ከሆነና የአገሩ ቁጥር የማያስፈልግህ ከሆነ፣ ሦስቱንም አገር የሚሸፍን፣ መሙላት የሚቻልበት 10 ጊጋ አካባቢ ያለው ኢሲም ግዛ፤ የድሮ ሲምህም ለኤስኤምኤስ እዚያው ይቀመጥ። ኢሲም የማይቀበል ከሆነ ግን መልሱ በየትኞቹ አገሮች እንደምትዞር ይወሰናል፤ የአገሮቹን ስምና የስልክህን ሞዴል ጻፍልን።