ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ሳይሞላ የመቅጃው እጀታ ለምን ይዘጋል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ብዙ ዓመት ያገለገለ ባለቤንዚን የመስክ መኪና አለኝ። ነዳጅ ሲቀዳለት ሰልባትዮው ገና ሩብ ሳይደርስ የመቅጃው እጀታ «ጠቅ» ብሎ ይዘጋል፤ መልሰው ሲከፍቱትም ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እንዲሁ ይቋረጣል። ቀጂው እጀታውን በስሱ ይዞ በቀጭኑ ካላፈሰሰው በቀር አይቀበልም። መኪናውን ስገዛው አካሉ ከሻንሲው (አካሉ ከሚያርፍበት የታችኛው የብረት መዋቅር) በላይ ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር። ችግሩ የመሙያው ቱቦ ነው ተብዬ ወፍራሙን ቱቦ በአዲስ አስቀየርኩ፤ ለውጥ ግን አላየሁም። አሁን ደግሞ ሰልባትዮውን ራሱን ቀይር እየተባልኩ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እባክዎ ሰልባትዮውን ለመቀየር አይቸኩሉ። የገለጹት ምልክት በአብዛኛው የሚያመለክተው ቤንዚኑ የሚገባበትን ሳይሆን አየሩ የሚወጣበትን መንገድ ነው። ሰልባትዮ ባዶ በሆነበት ቦታ ሁሉ በአየርና በነዳጅ ትነት የተሞላ ስለሆነ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲገባ አንድ ሊትር አየር መውጣት አለበት። ፓምፑ በደቂቃ ወደ 40 ሊትር የሚቀዳ ከሆነ ያንኑ ያህል አየር በዚያችው ደቂቃ ውስጥ መውጫ ይፈልጋል። አንገቱ አፈ ሰፊ በሆነ መጨመሪያ (ፈነል) ጥርቅም ብሎ በተደፈነ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ለመጨመር የሞከረ ሰው መውጫ ያጣ አየር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

እጀታው የሚዘጋበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በመቅጃው አፍንጫ ጫፍ አካባቢ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ነዳጁ ሲፈስ በሚፈጥረው የመሳብ ኃይል በዚያች ቀዳዳ በኩል ያለማቋረጥ አየር ይገባል፤ ቀዳዳዋ በነዳጅ በተሸፈነች ቅጽበት ግን የመሳብ ኃይሉ በእጀታው ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ይስበውና መቆለፊያውን ያስለቅቀዋል። ስለዚህ እጀታው የሰልባትዮውን መጠን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው በአንገቱ ውስጥ ነዳጅ ወደ ላይ መመለሱን ብቻ ነው። መውጫ ያጣ አየር በመሙያው ቱቦ በኩል ሲመለስ ቤንዚኑን ይዞት ስለሚመጣ እጀታው ሞልቷል ብሎ ይዘጋል።

በሌላ ማደያና በሌላ ፓምፕ አስቀድተው ችግሩ ያው ከሆነ ጥፋቱ ከመኪናው ነው። ከዚያ መቼ እንደሚቋረጥ ማስተዋል ከብዙ መፍታትና መግጠም ያድናል። እስከ ግማሽና ከዚያ በላይ በደህና ሞልቶ በኋላ የሚያስቸግር ከሆነ፣ በሰልባትዮው ውስጥ ያለው የአየር መውጫ አፍ ያለጊዜው በነዳጅ እየተሸፈነ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው በተዳፋት ላይ ቆሞ ሲቀዳለትም ይህ ይከሰታል። እንደ እርስዎ መኪና ገና ከጅምሩ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ወይ የመሙያው መንገድ ጠቧል፣ ወይ የአየር መውጫው ከሞላ ጎደል ተዘግቷል። ወፍራሙን ቱቦ ስለቀየሩ፣ ከጎኑ ከሰልባትዮው አናት ተነስቶ ወደ መሙያው አንገት የሚወጣውን ቀጭን የአየር ቱቦ በቅድሚያ እጠረጥራለሁ።

ይህን ጥርጣሬ የሚያጠናክረው የአካሉ ከፍ መደረግ ነው። የመሙያው አንገት ከአካሉ ጋር ወደ ላይ ሲሄድ ሰልባትዮው ከሻንሲው ጋር እታች ይቀራል። ቀድሞ በልኩ የተገጠመው የአየር ቱቦ ስለሚያጥር ይወጠርና በመታጠፊያው ላይ ይጨፈለቃል። አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ለማስቀረት ረዘም ያለ ቱቦ ይቀጥላሉ፤ ነገር ግን መሃሉ ወደ ታች ከረገበ ሌላ ችግር ይከተላል። መኪናው በወጣ ገባ መንገድ ሲናወጥ የሚረጨው ቤንዚን በረገበው ቦታ ይጠራቀምና አየሩን እንደ ውታፍ ይዘጋዋል። ቱቦው ከሰልባትዮው እስከ አንገቱ ድረስ የትም ሳይረግብ ወደ ላይ ብቻ መውጣት አለበት፤ ይህን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ ይቻላል።

በዓይን ምንም ካልታየ ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ ይፍቱት። አሮጌ የጎማ ቱቦ ከውጭ ጤናማ መስሎ የውስጥ ሽፋኑ ተላጥቶ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል፤ ጭቃ ወይም የነፍሳት ጎጆም አይጠፋም። በአፍዎ አይንፉበት፤ በእግር በሚረገጥ የጎማ መንፊያ ቀስ ብለው አየር ያሳልፉበት። የኮምፕሬሰር አየር ወደ ሰልባትዮው መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሊያብጠው ወይም ሊቀደው ይችላል። አዲስ የሚገጠመው ቱቦ ለነዳጅ የተሠራ ይሁን፤ የውሃ ቱቦ በቤንዚን አብጦ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ችግር ይመልሳል። ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ በሰልባትዮው አናት ላይ ያለውን፣ መኪናው ሲገለበጥ ነዳጅ እንዳይፈስ የሚከላከለውን ቫልቭ ያስመርምሩ፤ ሁሉም መኪና ባይኖረውም ባለበት ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል።

ሥራው ከቤት ውጭ በገላጣ ቦታ፣ ሰልባትዮው ከሞላ ጎደል ባዶ ሲሆንና የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ተፈትቶ ይሠራ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል፤ በጋራዥ ጉድጓድ ላይ አቁሞ ይህን መፍታት እሳት መጥራት ነው። እስኪጠገን ድረስ በቀጭኑ ማስቀዳቱ አይጎዳም።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ናፍጣ ነው። አንዳንድ ማደያ ላይ በደህና ይሞላል፤ ሌላው ላይ ግን አረፋ እየገነፈለ ይቋረጣል። ይህም የአየር ቱቦ ችግር ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ናፍጣ በኃይል ሲፈስ ከቤንዚን ይበልጥ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው የአፍንጫውን ቀዳዳ ሲደርስም እጀታው ይዘጋል። ለከባድ መኪና የተዘጋጁ ፓምፖች ከሌሎቹ በእጅጉ ፈጥነው ስለሚቀዱ ለአነስተኛ መኪና ጠባብ አንገት አይስማሙም። ለአነስተኛ መኪኖች የተመደበውን ፓምፕ ይምረጡ፤ አረፋው ሲነሳ ጥቂት ታግሠው እስኪተኛ ይጠብቁ። በዝግታ ሲቀዳም ቢሆን የሚቋረጥ ከሆነ ያን ጊዜ ከላይ እንደተገለጸው የአየር ቱቦውን ያስፈትሹ።