የካፌ ካርድ፣ በአገር ቤትና በጉዞ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ካፌ የደንበኛ ካርድ ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። በየግዢው ማህተም የሚመታበት፣ ሲሞላ ነጻ ቡና የሚያስገኝ ካርድ አለ። ነጥብ ብቻ የሚይዝ አለ። ገንዘብ ቀድመን የምንሞላበትም አለ። ጉዞ ላይ ጣጣ የሚያመጣው ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ውስጡ ያለው የራሳችሁ ገንዘብ ነውና።

ጥያቄ፦ ሌላ አገር ስሄድ ካርዴ ይሠራል?

ስሙና አርማው አንድ ስለሆነ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ትልልቆቹ ካፌዎች በየአገሩ የሚያስተዳድራቸው ድርጅት ሊለያይ ይችላል፤ የካርዱም ሲስተም እንደዚያው። ስታርባክስን እንውሰድ። አሜሪካ የወጣ ካርድ ካናዳ ውስጥ ይሠራል፤ ሒሳቡ በምንዛሪ ተሰልቶ ይቆረጣል። ጃፓን ግን የራሷ ካርድና የራሷ የነጥብ አሠራር አላት። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የካርዱን ደንብ ክፈቱና የሚሠራባቸውን አገሮች እዩ። የምትሄዱበት አገር ስም ከሌለ፣ ለጉዞው ብላችሁ ገንዘብ አትሙሉበት።

ጥያቄ፦ እዚሁ አገሬ ውስጥ፣ ኤርፖርት ያለው ቅርንጫፍ ካርዴን አልቀበልም አለኝ። እንዴት ነው ነገሩ?

ይሄ ብዙዎችን ያናድዳል፣ እውነታችሁን ነው። ኤርፖርት፣ ሆቴልና ሱፐርማርኬት ውስጥ ያሉ ካፌዎች ብዙ ጊዜ በፈቃድ ስሙን ወስዶ የሚሠራ ሌላ ድርጅት ናቸው። ሒሳብ መቀበያ ማሽኑም የእነሱ ነው። አንዳንዱ በካርዱ ያስከፍላል፣ ነጥብ ግን አይመዘግብም። ሌላው ነጥቡን ይይዛል፣ በነጥብ የተገኘውን ነጻ ቡና ግን አይሰጥም። ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «በዚህ መክፈል ይቻላል?» «ነጥብ ይያዝልኛል?» ቡናው ከተቀዳ በኋላ መከራከር ለእናንተም ለካሸሩም ድካም ነው።

ጥያቄ፦ አፑ ስልኬ ላይ ካለ ፕላስቲኩን ልጣለው?

አትጣሉት። በተለይ ስትጓዙ። ሰው አገር ዳታ ላይኖራችሁ ይችላል፤ አንዳንድ አፕ ደግሞ ባርኮዱን በየጊዜው ስለሚቀያይር ያለ ኢንተርኔት አይከፍትም። እንዲህ ዓይነቱ ላይ ስክሪንሾትም አያዋጣም። ስካነሩ አላነብ ካለ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉ። ያም ካልሠራ የካርዱን ቁጥር ንገሩት፤ ብዙ ቦታ ካሸሩ በእጁ ማስገባት ይችላል።

ጥያቄ፦ ካርዱ ቢጠፋብኝ ገንዘቡ ይመለሳል?

በስማችሁ ከተመዘገበ፣ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ጠፋ ባላችሁበት ሰዓት ላይ ያለው ቀሪ ሒሳብ ታግዶ ወደ አዲስ ካርድ ይዛወራል። ከዚያ በፊት የወጣው ግን ወጥቷል፤ ስለዚህ ቶሎ አሳውቁ። ያልተመዘገበ ካርድ መንገድ ላይ እንደወደቀ ብር ነው፣ ያገኘው ይጠቀምበታል።

ጥያቄ፦ ሒሳቡ ሲያልቅ ከባንክ ካርዴ ራሱ እንዲሞላ ላድርግ?

እኔ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ሌቦች የደንበኞችን የይለፍ ቃል አግኝተው የስታርባክስ አካውንታቸውን ባዶ ያደርጉ ነበር። ይሄው በራሱ የሚሞላ አሠራር ደግሞ ገንዘቡን እንደገና ከባንክ እየሳበ ሰጣቸው። ምቾቱን ከፈለጋችሁት ቢያንስ ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት የይለፍ ቃል ይሁን። ለጉዞ ስትነሱ ግን በራሱ መሙላቱን አጥፉት።

ጥያቄ፦ ነጻው ቡና ሲቃረብ ቶሎ ቶሎ እገዛለሁ። እኔ ብቻ ነኝ?

በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ2006 ራን ኪቬትዝና ሁለት ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በካፌ ካርድ ፈትሿል። ሰዎች አሥር ማህተም ለመሙላት ሲቃረቡ በግዢዎቻቸው መካከል ያለው ጊዜ እያጠረ ሄደ። በጣም የሚገርመኝ ሁለተኛው ሙከራ ነው። ለአንዱ ቡድን ባለ አሥር ካርድ ተሰጠ። ለሌላው ባለ አሥራ ሁለት፣ ሁለቱ ቀድመው የተመቱ። የሚቀረው ለሁለቱም አሥር ነው፤ ሁለተኞቹ ግን ቀድመው ጨረሱ። ስለዚህ «የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማህተሞች ከእኛ» ሲሏችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ። ቡናው ካማራችሁ ጠጡ፤ ለማህተሙ ብላችሁ ግን አትግዙ።

ጥያቄ፦ ነጥቡና ገንዘቡ ጊዜ ያልፍበታል?

ነጥቡ አዎ፣ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ። ገንዘቡ እንደ አገሩ ሕግ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የፌደራል ሕግ በስጦታ ካርድ ላይ የተሞላ ገንዘብ ከአምስት ዓመት በፊት እንዳይቃጠል ይከለክላል፤ ነጥብ ግን በዚህ ጥበቃ ውስጥ የለም። ስለዚህ ረጅም ጉዞ ካለባችሁ ነጥቡን ሳትሄዱ ጠጡበት።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር የገዛሁት ካርድ ላይ ትንሽ ገንዘብ ቀርቷል። ምን ላድርገው?

ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ስጡት። በአካውንታችሁ ላይ ካስመዘገባችሁት ግን መጀመሪያ ካርዱን ከአካውንቱ አውጡት፤ አለዚያ እሱ ሲጠቀም ነጥቡ ለእናንተ ይገባል።